ስካተር ፕሎት ከነሂስቶግራሙ በፓይተን

ስካተር ፕሎት (ሁለት መለኪያዎችን በነጥብ የሚያሳይ ሥዕል) ላይ ነጥቦች ሲደራረቡ የት ጋ ስንት እንደተከማቸ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ከላይና ከቀኝ ሂስቶግራም (በየክፍሉ ስንት እንዳለ በባር የሚያሳይ ሥዕል) ሲጨመርበት ግን ክምችቱ ወለል ብሎ ይታያል።

ለመለማመጃ የኦልድ ፌይዝፉል ዳታ ግሩም ነው። አሜሪካ፣ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ፣ እየቆየ ሽቅብ የሚፈነጥቅ የፍል ውሃ ምንጭ ነው። ዳታው 272 ጊዜ የፈነጠቀበትን ይዟል፦ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ እስከሚቀጥለውስ ስንት ደቂቃ እንደተጠበቀ። ሲቦርን በተባለው የፓይተን የሥዕል ላይብረሪ ላይ ‹ጋይዘር› ብላችሁ በ‹ሎድ ዳታሴት› ትጠሩታላችሁ፤ ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ኮኔክሽን ይኑራችሁ።

ከዚያ ስካተሩንና ሂስቶግራሞቹን አንድ ላይ የሚስለው የሲቦርን ‹ጆይንትፕሎት› በቃ። ዳታውን ስጡት፣ ለኤክስ ቆይታውን፣ ለዋይ ጥበቃውን። አንድ መስመር ኮድ ናት። ላይኛው ሂስቶግራም ላይ ሁለት ጉብታ ታያላችሁ፤ አንዱ 2 ደቂቃ አካባቢ፣ ሌላው 4 ተኩል አካባቢ፣ መሃሉ ጎድጓዳ።

አሁን ዋናው ነገር፦ የባሮቹ ስፋት። ባሮቹን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ካደረጋችኋቸው ያ ጎድጓዳ ሊጠፋ ይችላል፣ አንባቢውም አንድ ወጥ ክምችት ይመስለዋል። ስለዚህ ስፋቱን ራሳችሁ ወስኑ። ግን ‹ጆይንትፕሎት› በማርጂናል (የጎን ሂስቶግራሞቹ) አማራጩ የምትሰጡትን ስፋት ለሁለቱም ጎን እኩል ነው የሚያውለው። 0.25 ብትሉት ለቆይታው ልክ ነው፤ ጥበቃው ግን በሙሉ ደቂቃ ስለተመዘገበ ከአራት ክፍል ሦስቱ ባዶ ሆነው ፀጉር የመሰሉ ባሮች ይወጣሉ። ስለዚህ በ‹ጆይንትፕሎት› ፋንታ የሲቦርንን ‹ጆይንትግሪድ› ተጠቀሙና ሁለቱን ሂስቶግራም ለየብቻ፣ ለየራሳቸው በሚሆን ስፋት ሣሉ።

ማትፕሎትሊብ በተባለው ሌላ የፓይተን ላይብረሪ በእጅ መሥራትም ይቻላል። የሥዕሉን ቦታ የሚከፋፍለው ‹ግሪድስፔክ› 2 በ2፣ የወርድ ምጥጥን 4 ለ1፣ የቁመት 1 ለ4። ላይኛውን ከዋናው ጋር በ‹ሼርኤክስ›፣ የቀኙን በ‹ሼርዋይ› አያይዙ፣ አለዚያ ባሮቹና ነጥቦቹ ትይዩ አይሆኑም። የቀኙ ሂስቶግራም ‹ኦሪየንቴሽን› ሆሪዞንታል ይሁን። ላይኛው ላይ የተደገሙትን ቁጥሮች ስታጠፉ ‹ሴት ኤክስቲክስ›ን ባዶ አታድርጉ፤ አክሲሱ የጋራ ስለሆነ ከዋናው ሥዕል ላይም ይጠፋሉ። ‹ቲክ ፓራምስ› ውስጥ ገብታችሁ ‹ሌብልቦተም›ን ፎልስ በሉት።

በ‹ሂዩ› ቀለም ስትለዩ ‹ጆይንትፕሎት› ሂስቶግራሙን ትቶ ለስላሳ ኩርባ ይስላል። ኩርባው ዳታ የሌለበት ቦታ ድረስ ስለሚዘልቅ እኔ አልወደውም። እዚህም ‹ጆይንትግሪድ› ነው መፍትሔው፦ ‹ፕሎት ማርጂናልስ› ላይ ‹ሂስትፕሎት›ን ስጡት፣ ባሮቹ በየቀለማቸው ይወጣሉ።