የባንክ ሪፖርትን ወደ ኤክስቢአርኤል ማሸጋገር፦ ከሒሳብ መደብ እስከ ተቆጣጣሪው ደጃፍ

ብዙ ባንኮች ይህን ሥራ የሚጀምሩት ሶፍትዌር በመግዛት ነው። ሻጩ ኤክሴሉን በአንድ ጠቅታ ወደ ኤክስቢአርኤል ሲቀይረው ያሳያል፣ ውሉም ይፈረማል። ፋይሉ በእርግጥ ይወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ሰው ግን ይጠፋል። ፋይል ማምረት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል በሪፖርቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሣጥን ምን ማለት እንደሆነና ከየትኛው መዝገብ እንደሚሞላ ወስኖ በጽሑፍ ማስፈር ነው። እዚህም ረዘም አድርገን የምንቆየው እሱ ላይ ነው።

ኤክስቢአርኤል የፋይናንስ ሪፖርትን ኮምፒውተር በሚረዳው መንገድ ለመጻፍ የወጣ፣ በኤክስኤምኤል (መረጃን በመለያ ምልክት እየከበበ በሚጽፍ የፋይል ቋንቋ) ላይ የቆመ ደረጃ ነው። ሐሳቡ የፈለቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ቻርልስ ሆፍማን ከተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ባለሙያ ነው። እስከ ዛሬ የምንሠራበት 2.1 የተባለው ዝርዝር ደንብ በ2003 መጨረሻ ወጣ። የአሜሪካ ባንክ ተቆጣጣሪዎች የሩብ ዓመት ሪፖርትን ከ2005 ጀምሮ በዚህ መልክ ይቀበላሉ፤ በአውሮፓ ኅብረትም ኮሬፕና ፊንሬፕ የተባሉት የካፒታልና የፋይናንስ ሪፖርቶች ከ2014 ወዲህ በዚሁ ይላካሉ።

አንድ ቁጥር ምን ምን ይሸከማል

በወረቀት ሪፖርት ላይ «ጥሬ ገንዘብ 12,450» ተብሎ ይጻፋል። ቀኑ፣ የባንኩ ስምና «በሺህ» የሚለው ማሳሰቢያ ከገጹ አናት ላይ ናቸው፤ አንባቢ ዓይኑን ወደ ላይ ልኮ ይረዳል። ኮምፒውተር ወደ ላይ አያይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር፣ በሙያው አጠራር «ፋክት»፣ ስንቁን ራሱ ይዞ ይሄዳል፦ የምን ቁጥር እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ የመቼ እንደሆነ፣ በምን ገንዘብ እንደተለካ፣ እስከ የትኛው አሃዝ ትክክል እንደሆነ።

የምን እንደሆነ የሚናገረው ከታክሶኖሚው የተወሰደ መለያ ነው። ታክሶኖሚ ተቆጣጣሪው የሚያወጣው የጋራ መዝገበ ቃላት ሲሆን፣ የእያንዳንዱን መለያ ስያሜ፣ ትርጉም፣ የሕግ ማጣቀሻና ከሌሎች ጋር ያለውን ዝምድና ይይዛል። የማን እንደሆነ የሚታወቀው በብዙ ቦታ ኤልኢአይ በተባለው ባለ 20 ፊደልና አሃዝ ዓለም አቀፍ የድርጅት መለያ ነው። ጊዜው ሁለት ዓይነት ነው። የሀብትና ዕዳ መግለጫ አንድን ቀን ይይዛል፤ ትርፍና ኪሳራ ደግሞ ከዚህ እስከዚያ የሚል ቆይታ ይይዛል። የወለድ ገቢን በአንድ ቀን ብቻ የመዘገበ ፋይል ገና በመጀመሪያው ፍተሻ ይወድቃል። በዚህ ላይ ምድቦች ይጨመራሉ፦ ብድሩ ለግለሰብ ነው ወይስ ለድርጅት፣ በምን ገንዘብ ነው፣ መያዣ አለው ወይስ የለውም።

ሰው ደጋግሞ የሚሰናከለው «ዴሲማልስ» በሚባለው የትክክለኛነት ምልክት ላይ ነው። ከላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ በኤክስቢአርኤል 12450000 ተብሎ በሙሉ ይጻፋል፤ ዴሲማልሱ ‑3 ይሆናል። ‑3 ማለት «እስከ ሺህ ድረስ ተጠጋግቷል» ማለት ነው እንጂ «በሺህ አባዛው» ማለት አይደለም። ይህን ያልተረዳ ሰው 12450 ጽፎ ‑3 ያስቀምጥና ባንኩ በአንድ ሌሊት በሺህ እጥፍ ያንሳል። የከፋው፣ ሁሉም ቁጥር እኩል ካነሰ ሀብት ከዕዳና ከካፒታል ድምር ጋር እኩል ነው ወይ የሚለው ፍተሻ ያልፈዋል። መቶኛም የራሱ ወጥመድ አለው፦ 14.2 በመቶ የሚጻፈው 0.142 ተብሎ ነው። 14.2 ብሎ የላከ ባንክ የካፒታል ምጣኔዬ 1,420 በመቶ ነው እያለ ነው።

ከምንም በፊት የሚነበበው

ከተቆጣጣሪው ሦስት ነገር ውሰዱ፦ የታክሶኖሚ ጥቅሉን፣ የማስረከቢያ ደንቡንና የማረጋገጫ ሕጎችን ዝርዝር። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አውርዶ ይሮጣል። ነገር ግን ስለ ፋይል አሰያየም፣ ስለ ዴሲማልስ ወሰን፣ ባዶ ሣጥን ዜሮ ይሁን ወይስ ጭራሽ ይቅር ለሚለው መልሱ ያለው በማስረከቢያ ደንቡ ውስጥ ነው። ዜሮ «አለን፣ መጠኑ ግን ዜሮ ነው» ይላል፤ አለመጻፍ ግን እንደ ደንቡ «አይመለከተንም» ሊሆን ይችላል።

የታክሶኖሚውን እትም ከሪፖርቱ ቀን ጋር አስተያዩ። እትም የሚመረጠው ፋይሉ በሚላክበት ቀን ሳይሆን ሪፖርቱ በሚናገርበት ቀን ነው። ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ዛሬ አርማችሁ ስትልኩ እንኳ ብዙውን ጊዜ የምትጠቀሙት ያለፈውን ዓመት እትም ነው። አሮጌ እትሞችን የምታስቀምጡበት ቦታም ስለዚህ ከመጀመሪያው ይዘጋጅ።

የማዛመጃ ሠንጠረዡ

ሥራው እዚህ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ የሪፖርት ሣጥን አንድ መስመር ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጁ። መስመሩ የሣጥኑን መለያና ምድቦቹን፣ በሰው ቋንቋ የተጻፈ ትርጉሙን፣ የመረጃውን ምንጭ ሥርዓት፣ የሒሳብ መደቦቹን፣ የማጣሪያ ሁኔታውን፣ ምልክቱ ይገለበጥ እንደሆነ፣ ውሳኔውን የሰጠውን ሰው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደጸናና መቼ እንዳበቃ ይያዝ። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን የሚያስቀር ሰው ብዙ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ኦዲተር ሲመጣ የሚፈለጉት ግን እነሱ ናቸው።

ሠንጠረዡን የሚሞላው አይቲ ብቻውን አይደለም። ትርጉሙን የሚወስነው ፋይናንስ ነው፤ የብድር ጥራትና የካፒታል ሣጥኖችን ሪስክ ይወስናል፤ አይቲ ምንጩን ያሳያል። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጡ የተሞላ ሠንጠረዥ ሁለቴ ይሞላል።

የሒሳብ መደብን ብቻ አይቶ ማዛመድ ለምን እንደማይበቃ አንድ ምሳሌ ያሳይ። ተንቀሳቃሽ ሒሳብ በዋናው መዝገብ አንድ መደብ አለው፤ የተመደበውም ከዕዳ ወገን ነው። ቀሪው 840,000,000 ይላል እንበል። ወደ ደንበኞቹ ዝርዝር ስትወርዱ ግን 862,000,000 ተቀማጭ ያላቸው አሉ፤ ከሒሳባቸው በላይ አውጥተው በድምሩ 22,000,000 ያለባቸውም አሉ። እነዚህ የኋለኞቹ ተበዳሪዎች ናቸው። የአንዱን ደንበኛ ዕዳ ከሌላው ደንበኛ ተቀማጭ ላይ ማቻቻል አይፈቀድም። የመደቡን ቀሪ እንዳለ የወሰደ ባንክ ተቀማጩን በ22,000,000 አሳንሷል፤ ብድሩንም፣ ጠቅላላ ሀብቱንም እንዲሁ። ሁለቱም ወገን እኩል ስላነሰ ሚዛኑ ይገጥማል፤ የማረጋገጫ ሕጉም ዝም ይላል። መፍትሔው የማጣሪያ ሁኔታውን በመደብ ደረጃ ሳይሆን በእያንዳንዱ ደንበኛ ሒሳብ ደረጃ «ቀሪው ዴቢት ከሆነ ወደ ብድር» ብሎ መጻፍ ነው። ተንጠልጣይ ሒሳቦች (ትክክለኛ ቦታቸው እስኪታወቅ ለጊዜው የተመዘገቡ) እና የቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሒሳቦችም እንዲሁ ውስጣቸው ተከፍቶ ይታይ፤ «ሌሎች ሀብቶች» በሚለው ሣጥን ውስጥ ተጠቅልለው የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ምልክትም ያታልላል። ዋናው መዝገብ ክሬዲትን በመቀነስ ምልክት ያስቀምጥ ይሆናል። በኤክስቢአርኤል ግን እያንዳንዱ የገንዘብ መለያ ዴቢት ወይም ክሬዲት የሚል ባሕርይ ሊኖረው ስለሚችል፣ የወለድ ወጪ በተለመደው ሁኔታ በአዎንታዊ ቁጥር ይጻፋል። «ወጪ ነውና መቀነስ ላድርግበት» የሚለው የኤክሴል ልማድ ትርፉን ያዛባል። የብድር መጠባበቂያ ላይ ግን አንዳንድ ታክሶኖሚዎች አሉታዊ ቁጥር ይጠብቃሉ፤ በግምት አይሞላም፣ መለያው ይታያል።

ምንጩን ማስታረቅ

የብድር ዝርዝሩ ከብድር ሥርዓቱ ይመጣል፣ ድምሩ ከዋናው መዝገብ። ሁለቱ ካልገጠሙ ፋይሉ ውስጥ ሁለት እውነት ይኖራል። ስለዚህ ፋይል ከማምረት በፊት በየመደቡ አስታርቁ፤ ልዩነቱ ከስንት በላይ ከሆነ ሥራው እንደሚቆም አስቀድማችሁ ወስኑ። ልዩነትን በሪፖርቱ ላይ በእጅ ማስተካከል ከተለመደ ሁሉም ከንቱ ነው። የግድ ከሆነ ማስተካከያው ምክንያት፣ ፈራሚና የሚያበቃበት ቀን ያለው የተለየ መዝገብ ይኑረው።

ሁሉም ምንጭ በአንድ ጊዜ የቆመ ቅጂ ሊሆን ይገባል። ብድሩ ሰኞ ማታ፣ ተቀማጩ ማክሰኞ ጠዋት ከተወሰደ የሚፈጠረውን ልዩነት ፍለጋ ሳምንት ይፈጃል።

ፍተሻ በንብርብር

የመጀመሪያው ንብርብር የፋይሉን አወቃቀር ያያል፣ ሁለተኛው የኤክስቢአርኤልንና የምድቦችን ደንብ፣ ሦስተኛው የማስረከቢያ ደንቡን፣ አራተኛው በሣጥኖች መካከል ያሉ የስሌት ሕጎችን። አሬል የተባለው ነፃና ክፍት ምንጭ መሣሪያ አብዛኛውን ይፈትሻል። የተገዛ ሶፍትዌር ቢኖራችሁም ሁለተኛ ፈታሽ ይኑራችሁ፤ ፋይሉን ያመረተው ሶፍትዌር ራሱን ሲፈትሽ የራሱን ስሕተት ላያይ ይችላል።

የድምር ዝምድና ሁሉንም ይይዛል ብላችሁ አትተማመኑ። የሚደምረው በአንድ ጊዜና በአንድ ምድብ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው። «የመክፈቻ ቀሪ ሲደመር እንቅስቃሴ የመዝጊያ ቀሪ ይሆናል» የሚለው ሁለት ቀንና አንድ ቆይታ ስለሚያገናኝ ፎርሙላ የተባለው የተለየ ሕግ ያስፈልገዋል። የማጠጋጋት ልዩነትም አለ፦ 33.4፣ 33.4 እና 33.4 ለየብቻ ሲጠጋጉ 99 ይሆናሉ፤ ድምራቸው 100.2 ግን 100 ይሆናል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ቁጥሩንም «ለማስተካከል» አንድ ጨምሮ መላክ አያስፈልግም። በ2023 የወጣው ካልኩሌሽን 1.1 የተባለው የድምር ዝምድና ደንብ እንዲህ ያለውን ልዩነት ከእውነተኛ ስሕተት ለመለየት የተሠራ ነው።

አምስተኛውን ንብርብር ራሳችሁ ሥሩ፦ ካለፈው ሩብ ዓመት ጋር ማነጻጸር። ከላይ ያየነውን የሺህ እጥፍ ስሕተት የሚይዘው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ትልቅ ሣጥን የለውጥ ወሰን ይቀመጥ፤ ከወሰኑ ያለፈው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይብራራ። ያ ማብራሪያ ተቆጣጣሪው ሲጠይቅ ዝግጁ መልስ ይሆናል።

ጎን ለጎን ማስኬድና ማስረከብ

አሮጌውና አዲሱ መንገድ ቢያንስ ሁለት ሩብ ዓመት አብረው ይሂዱ፤ ከሁለቱ አንዱ የዓመት መዝጊያ ይሁን። የዓመት መዝጊያን ያልፈተነ ሥርዓት አልተፈተነም። ትርፍና ኪሳራ ወደ ተጠራቀመ ትርፍ ሲዞር የገቢና የወጪ መደቦች ዜሮ ይሆናሉ፤ ከመዝጊያው በኋላ መረጃ የሳበ ሥርዓት ባንኩ ዓመቱን ሙሉ አንድም ገቢ እንዳላገኘ ይጽፋል። መረጃው ከማስተካከያ ምዝገባዎች በኋላ፣ ከመዝጊያ ምዝገባው በፊት ይወሰድ። ኦዲተር ዘግይቶ የሚያመጣው ማስተካከያ በየትኛው እትም እንደሚገባም በጽሑፍ ይኑር።

የእያንዳንዱ ብድር ዝርዝር በተናጠል የሚላክ ከሆነ የኤክስኤምኤል ፋይል በፍጥነት ይከብዳል፤ መለያዎቹ ከቁጥሩ ይበዛሉ። ተቆጣጣሪው በ2021 የጸደቀውን የሲኤስቪ መልክ (መረጃውን በነጠላ ሰረዝ እየለየ በመስመር በመስመር የሚጽፈውን) የሚቀበል ከሆነ ለእንዲህ ያለ ሰፊ ሠንጠረዥ እሱን ምረጡ። ለሕዝብ የሚወጣው ዓመታዊ መግለጫ ደግሞ ሰውም ኮምፒውተርም በሚያነበው ኢንላይን በተባለው መልክ ከተጠየቀ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በቅንፍ የተጻፈ ቁጥር ለዓይን አሉታዊ ነው፤ ለማሽኑ ግን የምልክት መለያው ካልገባለት አዎንታዊ ሆኖ ይነበባል።

«ተቀባይነት አግኝቷል» የሚለው መልስ ፋይሉ ሕጎቹን አለፈ ማለት ብቻ ነው። የላካችሁትን ፋይል፣ የታክሶኖሚውን እትም፣ የማዛመጃ ሠንጠረዡን እትም፣ የቆመውን የመረጃ ቅጂና የተቆጣጣሪውን ምላሽ በአንድ ማኅደር አስቀምጡ። አዲስ እትም ሲወጣ የሁለቱን እትሞች ልዩነት አውጥታችሁ የተጨመሩትን፣ የተሰረዙትንና ትርጉማቸው የተለወጠውን ለዩ። ስሙ ሳይለወጥ ትርጉሙ የተለወጠ ሣጥን በሠንጠረዡ ላይ በቀይ ምልክት ይደረግበት፤ ሶፍትዌሩ ምንም ሳያጉረመርም በአሮጌው መንገድ ሞልቶ የሚልከው እሱን ነው።