የሞክሼ ፊደላት ስሕተት፦ 9ኛ ክፍል ላይ የሠራው መንገድ

ደሴ ላይ የማስተምራቸው ልጆች ዓርብ በቃለ ጽሕፈት ሙሉ ነጥብ ያመጣሉ፤ ሰኞ ድርሰት ሲጽፉ ግን «ሥራ»ን አንዱ መስመር ላይ በንጉሡ ሠ፣ ቀጥሎ በእሳቱ ሰ ይጽፉታል።

የሳቱትን ቃል 10 ጊዜ ማስገልበጥ አልጠቀመም፤ እጅ ይደክማል እንጂ ዓይን አያስተውልም። በሳምንት 20 ነጠላ ቃላት ማስጠናትም ከዓርብ አላለፈም።

የሠራው ቃላትን በዘር በዘራቸው መያዝ ነው። በሳምንት አራት ግሥ ብቻ። «ጸሐፈ» ከተሰጠ ተማሪው ራሱ ያረባል፦ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ። ጸሎቱ ጸ እና ሐመሩ ሐ በሁሉም ውስጥ ስለሚዘልቁ አንዱን የያዘ ሌሎቹንም ይዟል፤ የቃላት ሀብቱም በዚያው ይሰፋል። አማርኛው «ጻፈ» ሐን እንደሚጥል ግን አስቀድሞ መንገር ያሻል፤ ካልተነገረ ልጆቹ እዚያ ይደናገራሉ።

ቀጥሎ ደብተሩን ከድኖ በቃሉ ይጽፋል፤ ገልጦ ያመሳክራል፤ የሳተውን ፊደል ብቻ ያከብባል። በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ይደግማል። ቃለ ጽሕፈቱም በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን፦ «ጸሐፊው ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ጽሑፍ አዘጋጀ።»

«ሠረቀ» (ፀሐይ ወጣች ለማለት) እና «ሰረቀ»ን በአንድ ሳምንት አትስጡ፤ ይቀላቀላሉ። የክፍሉ መምህራንም አስቀድመው በአንድ አጻጻፍ ይስማሙ።