በቤት ኮምፒውተር ላይ አድሚኒስትሬተርንና ስታንዳርድ ዩዘርን እንዴት መለየት ይቻላል

ዊንዶውስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅ የሚከፈተው አካውንት አድሚኒስትሬተር፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው በዚያው አንድ አካውንት እየገባ ዓመታት ያልፋሉ። ሊስተካከል የሚገባው ይህ ልማድ ነው።

በአድሚኒስትሬተርና ሥልጣኑ በተወሰነው ስታንዳርድ ዩዘር መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ የሚታየው አዲስ ፕሮግራም ሲጫን ነው። ስክሪኑ ይደበዝዝና መሃሉ ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ሳጥን ይመጣል። አድሚኒስትሬተር ከሆኑ «የስ» የሚለውን መጫን ይበቃል፤ እጅ ስለለመደው ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይጫናል። ስታንዳርድ ዩዘር ከሆኑ ግን ሳጥኑ የአድሚኒስትሬተሩን ፓስዎርድ ይጠይቃል። ፓስዎርድ ለመጻፍ እጅ ሲዘረጋ «ይህን የከፈትኩት እኔ ነኝ?» ብሎ ለማሰብ ጊዜ ይገኛል። ይህ ጥያቄ በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው፤ ሰልችቷቸው የሚያጠፉት ሰዎች አሉ፣ እርስዎ ግን አያጥፉት።

መጀመሪያ ያለዎትን ይወቁ። ሴቲንግስ ውስጥ «አካውንትስ»ን፣ ከዚያ «ዩር ኢንፎ»ን ይክፈቱ። ከስምዎ ሥር «አድሚኒስትሬተር» የሚል ካለ የዕለት ሥራዎን የሚሠሩት በሙሉ ሥልጣን ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ሌላ አድሚኒስትሬተር ፈጥሮ የራስን አካውንት ዝቅ ማድረግ ነው። ፋይሎችዎና ፎቶዎችዎ ባሉበት ይቆያሉ፤ የሚቀየረው የአካውንቱ ሥልጣን ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን አያዛቡ። በዊንዶውስ 11 እንዲህ ይሠራል፦

1. «አካውንትስ» ውስጥ «አዘር ዩዘርስ»ን፣ ቀጥሎ «አድ አካውንት»ን ይጫኑ።
2. ኢሜይል ሲጠይቅ የሰውየው መግቢያ መረጃ የለኝም የሚለውን መስመር፣ በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ተጠቃሚ ጨምር የሚለውን ይምረጡ።
3. ስም ይስጡት፣ ፓስዎርዱን ሁለት ጊዜ ይጻፉ፣ ሦስቱን የደኅንነት ጥያቄዎች ይመልሱ። ፓስዎርዱን ባዶ ከተዉት ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።
4. አዲሱ አካውንት ስታንዳርድ ሆኖ ይፈጠራል። ስሙን ጫን አድርገው «ቼንጅ አካውንት ታይፕ» በሚለው በኩል አድሚኒስትሬተር ያድርጉት።
5. ከራስዎ አካውንት ይውጡና በአዲሱ ይግቡ። ይህን ደረጃ አይዝለሉ፦ የአዲሱን ፓስዎርድ አሳስተው ጽፈው ከሆነ የሚያውቁት አሁን ነው። የቀድሞውን ዝቅ ካደረጉ በኋላ ቢያውቁት ብቸኛው አድሚኒስትሬተር ተዘግቶብዎታል፤ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ እስከ መጫን ሊያደርስ ይችላል።
6. እዚያው ሆነው የቀድሞ አካውንትዎን በዚያው «ቼንጅ አካውንት ታይፕ» ወደ «ስታንዳርድ ዩዘር» ይለውጡ።

ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፈው ከኮምፒውተሩ ርቆ በሚገኝ ቦታ ያስቀምጡ። ለሌላው የቤተሰብ አባል ሁሉ ለየራሱ ስታንዳርድ አካውንት ይክፈቱለት።

ማክ ላይ ይኸው ሥራ በሲስተም ሴቲንግስ «ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ» ውስጥ ይከናወናል። ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ የተፈጠረው ተጠቃሚ በ«ሱዱ» ትእዛዝ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያገኛል።

አሁን ወደ ፎልደር ፈቃድ። እያንዳንዱ ሰው በሲ ድራይቭ «ዩዘርስ» ሥር የራሱ ፎልደር አለው፤ ሌላ ስታንዳርድ ዩዘር ሊከፍተው አይችልም። አድሚኒስትሬተር ግን ይችላል፤ «ኮንቲኒዩ»ን ሲጫን ዊንዶውስ በዚያ ፎልደር ላይ ቋሚ ፈቃድ ይጨምርለታል። ለጋራ ፋይሎች እዚያው ያለውን «ፐብሊክ» ፎልደር መጠቀም ይቀላል። ለአንድ ሰው ብቻ ማካፈል ከፈለጉ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሰኪዩሪቲ»፣ «ኤዲት»፣ «አድ» ይበሉና የሰውየውን ስም ይጻፉ። እንዲያነብ ብቻ ከሆነ «ሪድ»፣ እንዲያስተካክልና እንዲሰርዝም ከሆነ «ሞዲፋይ» ላይ ምልክት ያድርጉ። «ዲናይ» (ክልከላ) የሚለውን ዓምድ አይንኩ። ክልከላው እዚያው ፎልደር ላይ ከተሰጠ ፈቃድ ይበልጣልና «ኤቭሪዋን» (ሁሉም ተጠቃሚ) ላይ ቢያደርጉት እርስዎም ከፎልደሩ ውጭ ይቀራሉ።

እነዚህ ፈቃዶች የማይሸፍኑትም አለ። ፋት 32 ወይም ኤክስፋት በሚባል የፋይል አቀማመጥ ዘዴ የተሰናዳ ፍላሽ ፈቃድ የሚባል ነገር አይመዘግብም፤ የሰካው ሁሉ ያነበዋል። ሃርድ ዲስኩ ተፈቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢገጠምም፣ ካልተመሰጠረ በስተቀር፣ ውስጡ ያለው ይነበባል። ስታንዳርድ አካውንትም ቢሆን በራሱ ፎልደር ውስጥ ሙሉ መብት ስላለው፣ በእሱ ስም የተከፈተ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የዚያን ሰው ሰነዶች ሊቆልፍ ይችላል። ለዚህ መከላከያው ቅጂን ከኮምፒውተሩ በሚነቀል ዲስክ ማስቀመጥ ነው።

አንዳንድ አሮጌ ጌም በተከፈተ ቁጥር የአድሚኒስትሬተር ፓስዎርድ ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ሊጽፍ ስለሚሞክር ነው። ልጁን አድሚኒስትሬተር ከማድረግ ይልቅ ጌሙን ነቅለው ልጁ «ሞዲፋይ» ፈቃድ ባለው ሌላ ፎልደር ውስጥ ይጫኑት።

የማያስፈልግ አካውንት ሲያጠፉ ዊንዶውስ አካውንቱንና ዳታውን በአንድነት ይሰርዛል። ዴስክቶፑ፣ ሰነዶቹና ፎቶዎቹ አብረው ስለሚሄዱ አስቀድመው ይገልብጧቸው።