ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የመጀመሪያ መኪና እንዴት ይገዛል? መድኑስ እንዴት ይገባል?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ግን ያለው እዚያው ላይ ነው። ሜዳ ላይ ጤነኛ መስሎ የከረመ መኪና ጉዱ የሚወጣው ሐረጎ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የመጀመሪያ መኪናውን የሚገዛ ወጣት ስለ ቀለሙና ስለ ቴፑ ከመጠየቁ በፊት አቀበቱን ሳይፈላ ይወጣል ወይ፣ ቁልቁለቱን ሲወርድስ በደንብ ይይዛል ወይ ብሎ ይጠይቅ።

1. ከደላላው በፊት መድን ድርጅት ሂዱ

ብዙ ሰው መኪናውን ገዝቶ፣ ስም አዛውሮ፣ ኪሱ ከተራቆተ በኋላ ነው ስለ መድን የሚያስበው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። የምትፈልጉትን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ይዛችሁ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት መድን ድርጅት ጠይቁ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ለዚህ ዕድሜ መኪና ሙሉ ሽፋን (የራሴን መኪና ጉዳትም የሚከፍለውን) ትሰጣላችሁ? የሚነዳው ዕድሜው ይህን ያህል ነው፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣው በዚህ ዓመት ነው፤ ዓረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው) ስንት ይመጣል? አደጋ ቢደርስ ከእኔ ኪስ የሚቀነሰው ስንት ነው?

ያረጀ መኪና ላይ ሙሉ ሽፋን የማይሰጡ ወይም ዓረቦኑን የሚያከብዱ ድርጅቶች አሉ። ዕድሜው ለጋ ወይም ልምዱ አጭር በሆነ አሽከርካሪ ላይም ተጨማሪ ተቀናሽ የሚጥል ውል የተለመደ ነው። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው የሚመርጠው መኪና ሊለወጥ ይችላል።

ያላችሁን ብር በሙሉ መኪናው ላይ አትጨርሱት። ቢያንስ አሥር በመቶውን ለስም ማዛወሪያ፣ ለቦሎ፣ ለመድንና ለመጀመሪያው ጥገና አስቀሩ። በ2016 ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያረጀ የቤንዚን መኪና ርካሽ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ያረጀ መኪና ደግሞ ወደ ጋራዥ የሚሄደው ገና በመጀመሪያው ወር ነው።

2. ለዳገት የሚሆነውን ምረጡ

ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስስ ነውና። ደሴ ላይ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። በወረቀት 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ እዚህ ከ50 ብዙ የማይበልጥ ጉልበት ነው ያለው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ይበቃል። አራት ሰው ከነሻንጣው ጭናችሁ ከኮምቦልቻ ስትወጡ ግን በሁለተኛ ማርሽ ማጓራት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የምትመላለሱ ከሆነ ባለ 1.3 ሊትሩን ቪትዝ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ሞተር ያለው ኮሮላ ፈልጉ። የቶዮታ ዕቃ በቀላሉ ይገኛል፣ እጁን የለመደ መካኒክም አይጠፋም፤ ለጀማሪ ይህ ከፍጥነቱም ከመልኩም ይበልጣል።

ማኑዋል ቁልቁለት ላይ በማርሽ ለመያዝ ይመቻል። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ዝቅ አድርጎ የሚይዝበት ቦታ እንዳለውና በትክክል እንደሚሠራ ነድታችሁ አረጋግጡ።

ኤሌክትሪክ መኪና ለምታስቡ፦ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ሐረጎን በመውጣት ረገድ ከሁሉም የተሻለ ነው። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ሲወርድ ከዚያ ላይ የተወሰነውን መልሶ ይሞላል። ደሴ ላይ ሌሊቱን እስከ 100 በመቶ ሞልታችሁ በማለዳ ከወረዳችሁ ግን ባትሪው መቀበያ ቦታ የለውም፤ በሞተር የመያዝ ኃይሉ ይቀንስና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። 85 ወይም 90 ላይ አቁሙት።

3. መኪናውን ቀዝቅዞ እዩት

ቀጠሮው ማለዳ ይሁን። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፣ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። በሌላ ቀን ተመለሱ።

የሞተር ዘይት የሚሞላበትን ክዳን ክፈቱ። ከሥሩ ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር ካለ ውኃና ዘይት ተቀላቅሏል። ደሴ ብርድ ስለሆነች ከፒያሳ ሠፈር እስከ ቧንቧ ውኃ ሠፈር ብቻ የሚመላለስ መኪና ላይ ትንሽ እርጥበት ሊታይ ይችላል፤ ለመለየት የራዲያተሩን ውኃ እዩ። ዘይት ከተንሳፈፈበት የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ተበልቷል፣ ተዉት። ራዲያተር የሚከፈተው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ውኃው የዝገት ቀለም ካለው ባለቤቱ ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውኃ ሲሞላ ኖሯል። ይህ እዚህ ከሌላው ቦታ ይብሳል፦ በደሴ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሞተሩ በደህናው ጊዜ የሚሠራበት ሙቀት ራሱ ከዚያ አይርቅም። እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ትንሽ ዋጋ ያለው ክዳን ሞተር የሚያስወርደው እንዲህ ነው።

አስነሱት። የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ እየተቃጠለ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ ያበዛል። የመጨረሻው ይስተካከላል፣ ሁለቱ ግን ብዙ ብር ናቸው።

ለቦዲው ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹንና ፓራፋንጎውን ዳብሱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ ነው። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ዕድሜው የገፋ ጎማ ቁልቁለት ላይ አይታመንም። ስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውን) ማየት አትርሱ።

4. ሐረጎን ውረዱበት፣ ውጡበት

ሠፈር ውስጥ አንድ ዙር መዞር ሙከራ አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድኑና ቦሎው ያላለፈ መሆኑን አይታችሁ፣ የምታምኑትን መካኒክ አስቀምጣችሁ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ተመለሱ።

ስትወርዱ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ያዙት፤ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ሸራውን ያግላል። መጨረሻው አካባቢ ፔዳሉ ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ ታች እየሰመጠ ከሄደ ወይም እንደ ስፖንጅ ከላላ የፍሬን ዘይቱ አርጅቷል ወይም አየር ገብቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውኃ ሲገባበት መመዘኛው እስከ 155 ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው ለዚህ ነው። ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል።

ኮምቦልቻ ላይ አሥር ደቂቃ አቁሙና ከሥሩ ጠብታ ካለ እዩ። ስትወጡ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጡት፤ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የሙቀት መለኪያው መሐል ላይ ተረግቶ መቆም አለበት። ደሴ ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ አምስት ደቂቃ ቆሞ ሲሠራ የራዲያተሩ ቬንትሌተር መነሳት አለበት። በመጨረሻ ከጦሳ ተራራ በኩል ከሚወርዱት ዳገታማ መንገዶች በአንዱ ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ አቁሙት።

5. ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። መኪናው በተመዘገበበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የባንክ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ፣ ያልተከፈለ ቅጣት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን አረጋግጡ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይሞታል። «ስሙን ቀስ ብለን እናዛውራለን» የሚባለውን አትቀበሉ። ብሩ በባንክ ይተላለፍ፣ እሱም ውሉ በሚረጋገጥበት ቀን።

6. መድኑን መግባት

ሦስተኛ ወገን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ያለሱ መንዳት ወንጀል ነው፣ ቦሎም አይገኝም። የሚከፍለው እናንተ ለገጫችሁት ሰውና ንብረት ነው፣ እሱም ሕጉ እስካስቀመጠው ጣሪያ ድረስ። የራሳችሁን መኪናም ሆነ የአሽከርካሪውን አካል አይመለከትም። የካሳው ጣሪያ አሁን ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ የአንድ አዲስ ሚኒባስ የፊት አካል ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ጣሪያውን በተጨማሪ ክፍያ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ለጀማሪ አሽከርካሪ እንመክራለን።

ሙሉ ሽፋን ስትገቡ ትልቁ ወጥመድ የመኪናው ዋጋ ነው። ዓረቦኑ እንዲቀል ብለው ዋጋውን ዝቅ አድርገው የሚያስመዘግቡ ብዙ ናቸው። ስሌቱን እዩት፦ መኪናው ገበያ ላይ 1,600,000 ብር ያወጣል፣ እናንተ በ800,000 አስመዘገባችሁት። የ200,000 ብር ጉዳት ደረሰ። ግማሹን ዋጋ ብቻ ስላስመዘገባችሁ የሚታሰበው ካሳም ግማሹ፣ 100,000 ነው። ተቀናሹ 10,000 ከሆነ እጃችሁ የሚገባው 90,000 ነው። ከገበያ በላይ ማስመዝገብም አያዋጣም፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም የሚከፈለው በጊዜው ያለው ዋጋ ነው። ውሉን በየዓመቱ ስታድሱ ዋጋውንም አድሱ። ያለ ጉዳት ያለፈ ዓመት ቅናሽ ያመጣል፣ ካልጠየቃችሁ ማንም ላያስታውሳችሁ ይችላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ስም ነው። መኪናውን በአባት ስም አስገብቶ፣ ነጂው አባት ነው ብሎ ሞልቶ፣ በተግባር የ20 ዓመቱ ልጅ መንዳት። ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን ፈራሽ ያደርጋል ይላል የንግድ ሕጉ። ተጨማሪውን ተቀናሽ ተቀብሎ እውነቱን መሙላት ይሻላል። ለግል አገልግሎት ብላችሁ አስመዝግባችሁ ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ወይም ኮምቦልቻ በሒሳብ ሰው መጫንም እንደዚሁ ነው።

ሦስተኛው የማይሸፈነውን አለማንበብ ነው። እዚህ አካባቢ በግልጽ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ የመሬት መንሸራተትና የድንጋይ ናዳ፣ ጎርፍ፣ የስፖኪዮና የስኮርታ ስርቆት፣ የአሽከርካሪና የተሳፋሪ አካል ጉዳት፣ መኪናው ሐረጎ ላይ ቢቆም የመጎተቻ ወጪ። ጦርነትና ሁከት ከመደበኛው ውል ውጭ ናቸው፤ 2014 ላይ ደሴና ኮምቦልቻ የሆነውን ያየ ሰው ይህን መስመር አይዘለውም። ለሽፍታና ለመሳሰሉት አደጋዎች ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ሽፋን አለ፣ ምን ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ያረጀ ዕቃ በአዲስ ሲተካ ስንት በመቶ የእርጅና ተቀናሽ እንደሚያዝም ጠይቁ። ለኤሌክትሪክ መኪና፣ ከታች በድንጋይ የተመታ ባትሪ ይሸፈን እንደሆነ።

7. አደጋ ቢደርስ

የተጎዳ ሰው ካለ መጀመሪያ ሐኪም ቤት። ከዚያ መኪናው ሳይነሳ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ ትራፊክ ፖሊስ ጥሩ፣ የሌላውን ወገን ሰሌዳና የመድን ድርጅቱን ስም መዝግቡ። እዚያው ቆማችሁ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላችሁ አትፈርሙ፣ በሽማግሌ ተስማምታችሁም ብር አትክፈሉ፤ ድርጅቱ ሳያውቅ የገባችሁትን ቃል ላይቀበለው ይችላል። ለመድን ድርጅቱ በዚያው ቀን ደውሉ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ አሳውቁ። መኪናውን ገምጋሚ ሳያየው አታስነኩት፤ ጎማ እንኳ ቢሆን የተነሳውን ዕቃ አትጣሉ፣ ድርጅቱ አምጡ ሊላችሁ ይችላል።