ጥርስ ከማሳመር በፊት፦ የመንጋጋ መገጣጠሚያንና ንክሻን እንዴት እንፈትሽ?

አዳማ ውስጥ ጥርስ ስለማሳመር ከተነሳ ወሬው የሚጀምረው ከቀለም ነው። ምክንያቱ አይገርምም፤ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚህ አካባቢ ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የወንጂ የድሮ ጉድጓዶች ይህን በብዙ እጥፍ ያልፉ ነበር። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ እያለ እንዲህ ያለ ውሃ የጠጣ ልጅ፣ ጥርሱ በልዞ ይወጣል። አድጎ ሥራ ሲይዝ ወይም ሰርጉ ሲቃረብ መጀመሪያ የሚያስበው ቬኒር (የጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ልባስ) ወይም ክራውን (ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍን ቆብ) ነው።

ፍላጎቱ ይገባኛል። አፍን በእጅ ሸፍኖ መሳቅ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ማንም ጥርሳችሁን ከመሞረዱ በፊት መንጋጋችሁና ንክሻችሁ፣ ማለትም የላይኛውና የታችኛው ጥርስ አገጣጠም፣ ይፈተሽ። ለቬኒር ብዙውን ጊዜ ከጥርሱ ሽፋን ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይሞረዳል። ለክራውን የሚሞረደው ከዚያ በጣም ይበልጣል። የተሞረደ ሽፋን ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። መገጣጠሚያው እየታመመ ወይም ሌሊት ጥርስ እየተፋጨ የተለጠፈ ቬኒር ሊሰነጠቅ፣ ሊላቀቅም ይችላል። አንዳንዴም ከሥራው በኋላ ሕመሙ ብሶ፣ ከቬኒሩ ይምጣ ከድሮው ችግር መለየት ያስቸግራል።

መገጣጠሚያው ያለው ጆሮ ግንድ ላይ ነው። ከጆሮ ቀዳዳ ትንሽ ፊት ለፊት፣ በግራም በቀኝም። አፍ ሲከፈት አጥንቱ መጀመሪያ ይዞራል፣ ከዚያ ወደፊት ይንሸራተታል። በታችኛው መንጋጋና በራስ ቅሉ አጥንት መሃል ዲስክ የሚባል እንደ ትንሽ ትራስ ያለ ነገር አለ። ዲስኩ ከቦታው ሸርተት ሲል ነው ብዙ ጊዜ ያ “ቀጭ” የሚል ድምፅ የሚሰማው። የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት ስለሆነ ግራና ቀኙ አብረው ነው የሚሠሩት። አንዱ ሲደክም ሌላው ሸክሙን ይወስዳል።

ቀጥሎ ያለውን ፍተሻ ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል። የሐኪም ምርመራን አይተካም። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ግን የምትናገሩት ነገር ይኖራችኋል።

እርምጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ

ጠዋት እንደነቃችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ጉንጭ ደክሟል? ጎንና ጎን ግንባርን የሚይዝ ራስ ምታት አለ? አፍ ለመክፈት ያስቸግራል? ጆሮ ይደፈናል? መልሱን ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

አብሯችሁ የሚተኛውን ሰውም ጠይቁ። ሌሊት ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ራሱ አይሰማውም፤ የሚሰማው ጎኑ ያለው ነው። ጥርስ ማፋጨት ከወስፋት ነው የሚባለውን ይዛችሁ መድኃኒት ብቻ ውጣችሁ አትለፉት። አዋቂ ላይ ከማፋጨት ጋር ብዙ ጊዜ አብረው የሚታዩት ጭንቀት፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ብዙ ቡና፣ ሲጋራ፣ አልኮልና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ናቸው። የምትወስዱትን መድኃኒት ስም ጻፉ። ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት።

ቀንም ተከታተሉ። ስልካችሁ በየሁለት ሰዓቱ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። በዚያች ቅጽበት ጥርሶቻችሁ ተነካክተዋል? ትክክለኛው ዕረፍት ከንፈር ተገጥሞ ጥርስ ከጥርስ ሳይነካካ ሲቀር ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲያተኩሩ ወይም መንገድ ተዘጋግቶ መሪ እንደያዙ ጥርሳቸውን ግጥም አድርገው የሚነክሱ በጣም ብዙ ናቸው። በሰላሙ ጊዜ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በቀን የሚገናኙት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያውም ስንበላና ስንውጥ።

ልማዳችሁንም አትደብቁ። ጫት በአንድ ጉንጭ ይዞ ለሰዓታት መቃም የዚያን ጎን ጡንቻ ያደክማል። ሸንኮራ በፊት ጥርስ መላጥ፣ ቆሎ ሲቆረጥሙ መዋል፣ ጠርሙስ በጥርስ መክፈት፣ እርሳስ ማኘክ፣ ሁልጊዜ በአንድ በኩል መብላት፣ ሁሉም ይጻፍ። የወንጂ ሸንኮራ ደጃችን ስላለ የአዳማ ሰው ይህን ነገር ቀላል አድርጎ ያየዋል። ቬኒር የገባለት የፊት ጥርስ ግን ሸንኮራ አይልጥም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

እርምጃ 2፦ መስታወት ፊት ቁሙ

ብርሃን ያለበት ቦታ ይሁን። አፋችሁን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ቀስ ብላችሁ ዝጉ። ዓይናችሁ የታችኛው የፊት ጥርሶች መሃል ላይ ይሁን። ቀጥ ብሎ ይወርዳል? ወደ አንድ ጎን ሄዶ ወደ መሃል የሚመለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የዲስክ ነገር ነው። ወደ አንድ ጎን ሄዶ እዚያው የሚቀር ከሆነ፣ በዚያ በኩል ያለው መገጣጠሚያ ወይም ጡንቻ እንደልቡ እየተንቀሳቀሰ አይደለም።

አሁን ስፋቱን ለኩ። የራሳችሁን ሦስት ጣቶች፣ ጠቋሚውን፣ የመሃሉንና የቀለበት ጣትን፣ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋችሁ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርስ መካከል አስገቡ። ከገቡ ጥሩ ነው። በማስመሪያ ከለካችሁት አብዛኛው አዋቂ 40 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይከፍታል። ከ35 በታች ከሆነ ለሐኪም የሚነገር ነው። በመጨረሻ መንጋጋችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንሸራቱ። በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ርቀት መሄድ አለበት።

እርምጃ 3፦ በጣት ዳስሱ

ጠቋሚ ጣቶቻችሁን ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት አድርጉና አፋችሁን ክፈቱ፣ ዝጉ። አጥንቱ ከጣታችሁ ሥር ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። ድምፁን አዳምጡ፤ ሕመም ካለም ልብ በሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በከንቱ ይደነግጣል። ሕመም የሌለው፣ አፍ ከመክፈት የማያግድ “ቀጭ” በብዙ ጤነኛ ሰው ላይ አለ። በራሱ ሕክምና አያስፈልገውም። ድምፁ ከሕመም ጋር ከሆነ፣ መንጋጋው አንዳንዴ የሚቆለፍ ከሆነ፣ ወይም ድምፁ አሸዋ እንደሚፈጭ ዓይነት ከሆነ ግን ይታይ።

ከዚያ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ጉንጭ ላይ የሚያብጠውን ጡንቻ ፈልጉ። ስታገኙት ንክሻውን ልቀቁና በጣት ጫን በሉት። ከቅንድብ ጎን ያለውንም እንዲሁ። አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ ካመመ ጻፉት።

እርምጃ 4፦ ንክሻውን ፈትሹ

ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ሳትጫኑ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ ጥርሳችሁን ግጠሙ። መጀመሪያ የሚነካው የትኛው ነው? አንድ ጥርስ ቀድሞ ነክቶ ከዚያ መንጋጋው ሸርተት ብሎ ነው የሚገጥመው? ወይስ ግራና ቀኙ እኩል ይደርሳሉ?

ስስ ፌስታል በጣት ስፋት ቁረጡና በመንጋጋ ጥርሶች መካከል ይዛችሁ ነክሳችሁ ሳቡት። በግራም በቀኝም መያዝ አለበት። የፊት ጥርሶች ለቀቅ አድርገው ቢይዙት ችግር የለውም። በአንድ ጎን ያሉት መንጋጋ ጥርሶች ምንም የማይዙ ከሆነ ወይም ሁሉ ሸክም የፊት ጥርስ ላይ ከሆነ፣ ለሐኪሙ የምትነግሩት ዋና ነገር ይህ ነው። የተነቀለና ያልተተካ መንጋጋ ጥርስ ያለበት ሰው የፊት ጥርሱን ቢያሳምር፣ ሸክሙ ሁሉ አዲሱ ቬኒር ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ የኋላው ይስተካከል።

እርምጃ 5፦ የመፋጨት አሻራ ፈልጉ

ክራንቻ ጥርሶቻችሁ ጫፋቸው ሾል ያለ ነው ወይስ ተልጎ ጠፍጥፏል? የፊት ጥርሶች ጫፍ ተሸራርፏል? የምላስ ዳር የጥርስ ቅርጽ ታትሞበታል? ጉንጭ ውስጥ ጥርሶቹ በሚገጥሙበት ትይዩ ነጭ መስመር አለ? እነዚህ አንድ ላይ ሲገኙ መፋጨትን ያመለክታሉ። ጥርስ የሚሸረፈው በጨጓራ አሲድም ሊሆን ስለሚችል ቃር ካለባችሁ እሱንም ተናገሩ።

እርምጃ 6፦ ያገኛችሁትን አመዛዝኑ

ምንም ካላገኛችሁ እሰየው፤ ወደ ክሊኒኩ ሂዱ። ሕመም፣ መቆለፍ ወይም የማይከፈት አፍ ካገኛችሁ ግን የውበቱ ሥራ ይቆይ። የመገጣጠሚያ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻላል። ለጥቂት ሳምንት ለስለስ ያለ ምግብ፣ ገንፎ፣ ሹሮ፣ በደንብ የበሰለ ነገር ብሉ። ቆሎና ጥሬ ሥጋ ይቅሩ። በሞቀ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጉንጭን ያዙ። ስታዛጉ አገጫችሁን በእጅ ደገፍ አድርጉት።

አጥብቄ የምለው ሌላም አለ። “መንጋጋህ የሚያመው ንክሻህ ስለተበላሸ ነው፤ ሁሉንም ጥርስ በክራውን ብንሸፍነው ይድናል” የሚል ምክር ከሰማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። መጥፎ ንክሻ ለመገጣጠሚያ ሕመም ዋና ምክንያት ነው የሚለው የድሮ አስተሳሰብ ዛሬ እምብዛም ድጋፍ የለውም። ተቀባይነት ያለው አካሄድ መጀመሪያ ሊመለስ የሚችል፣ ማለትም ጥርስን ለዘለቄታው የማይለውጥ ሕክምና ማድረግ ነው።

የማይቆዩ ነገሮችም አሉ። አፍ ተከፍቶ ከቀረ፣ ከትኩሳት ጋር ካበጠ፣ የመንጋጋ ሕመም ከደረት ሕመም ጋር ከመጣ፣ ወይም ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው እያመመው አዲስ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ ከታየበት በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

እርምጃ 7፦ ክሊኒኩ ውስጥ ጠይቁ

ማስታወሻችሁን አሳዩ። ሐኪሙ መገጣጠሚያውንና ጡንቻውን በእጁ ዳሰሰ? የአፋችሁን ስፋት ለካ? ንክሻውን በባለቀለም ወረቀት አየ? ራጅ አነሳ? ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ለሁሉም ሰው አይታዘዝም፤ የዲስክ ጥርጣሬ ሲኖር ነው። ፎቶ ብቻ አይቶ በዚያው ቀን ልሞርድ የሚል ካለ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

ለበለዘ ጥርስ ሌላ አማራጭ እንዳለ ጠይቁ። ቡኒው ከላይ ብቻ ከሆነ የጥርሱን በጣም ስስ የላይኛ ሽፋን በአሲድና በዱቄት አሽቶ ማንሳት፣ ማንጣት፣ ወይም በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ) መሸፈን ሊበቃ ይችላል። ማንጣት ካለ ከቬኒሩ በፊት ይደረግ፤ ቬኒር የሚሠራበት ፖርስሊን አይነጣም። ካነጡ በኋላም ቬኒር ለመለጠፍ ሁለት ሳምንት ገደማ ይጠበቃል።

ቬኒር ከተወሰነ መጀመሪያ በጥርሳችሁ ሞዴል ላይ በሰም ተሠርቶ፣ ከዚያ ጊዜያዊ ሆኖ አፍ ውስጥ እንዲሞከር ጠይቁ። በእሱ አውሩ፣ ብሉ፣ መንጋጋችሁን ወደ ጎን አንሸራቱ። “ሰ” እና “ፈ” ስትሉ ያደናቅፋችኋል? ጊዜያዊው ቶሎ ቶሎ ከተሰበረ ቋሚው ምን እንደሚጠብቀው ይናገራል። ረጅም ቀጠሮ ከሆነም በየመሃሉ አፍ የሚዘጋበት ዕረፍት ይኑር።

ብዙ የአዳማ ሰው ለዚህ ሥራ አዲስ አበባ ይሄዳል። በፈጣን መንገዱ ሩቅ አይደለም። ግን ከመለጠፉ በኋላ አንዴም ሁለቴም መመለስ እንደሚያስፈልግ አስቡና ከክፍያ በፊት ስለ ክትትሉ ተስማሙ። ለጥር ወይም ለሚያዝያ ሰርግ ከሆነ ደግሞ ከወራት በፊት ጀምሩ። በመጨረሻው ሳምንት የሚሠራ ጥርስ ለማስተካከያ ጊዜ የለውም።

ማደንዘዣ ባለበት አፍ ንክሻ በትክክል አይታወቅም። ስለዚህ ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ እርምጃ 4ን ድገሙት። አንድ ጥርስ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ “ይለመዳል” ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ሳምንት ተመልሳችሁ አስተካክሉት። ሌሊት የምታፋጩ ከሆነ ደግሞ የሌሊት መከላከያ ፕላስቲክ በልካችሁ ይሠራላችሁ። ልኩ ቬኒሩ ከተለጠፈ በኋላ ይወሰድ፤ ከዚያ በፊት የተሠራው በአዲሱ ጥርስ ላይ አይገጥምም።