ሞተሩ ከፊት የሆነ ድራግ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አዳማ ጋራዣችን ውስጥ የሚሠራ አንድ ልጅ ዲቪ ደርሶታል። ካሊፎርኒያ ያለው አጎቱ ቅዳሜና እሁድ የድራግ መኪና ይነዳል። ያውም የድሮውን ዓይነት፣ ሞተሩ ከፊት የሆነውን። «ስትመጣ አስሞክርሃለሁ» ብሎታል። ልጁ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። እኔም እዚያው አገር እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ጥቂት ዓመት ሠርቼ ስለመጣሁ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ጥያቄ ነው። መልሴን ልጻፈውና ልረፍ።

ለማያውቀው ሰው፣ ድራግ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። የተለመደው ርቀት 402 ሜትር ነው። ከአራት የኳስ ሜዳ ትንሽ ያንሳል። የፊት ሞተሩ መኪና ቀጭንና ረጅም ነው። ሹፌሩ የሚቀመጠው ጫፍ ላይ፣ ከኋላ ጎማዎቹም በስተኋላ ነው። የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎቹ የሚያካፍለው ዲፍረንሻል በእግሮቹ መሀል ነው።

ትልቁ ስህተት ሞተር ሳይነሳ መቀመጫውን አለመልመድ ነው። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ልጁን በሁለት የሲኖትራክ ጎማዎች መሀል ዱካ ላይ አስቀመጥኩት። ወፍራም ጓንት አስጠለቅኩት። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ደፋሁለት። ትከሻውን በአሮጌ ቀበቶ ከምሰሶው ጋር አሰርኩት። የእጅ ፍሬን እንዲሆነው የክሪክ ብረት አጠገቡ አቆምኩ። መኪናውን ለማቆም ከኋላ የሚከፈተው ፓራሹት መሳቢያ ደግሞ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ሲባጎ ሆነ። «ዓይንህን ጨፍንና ፓራሹቱን ሳብ» አልኩት። እጁ አየር ላይ ሲዋኝ ቆይቶ ጆሮዬን ያዘ። ጋራዡ በሳቅ ሞላ። በማግስቱም ሳተው። በአምስተኛው ቀን ግን ሲባጎውን በአንድ ጊዜ አገኘው፤ ቀበቶውንም ሳያይ ፈቶ ወጣ።

ጨዋታ ይመስላል እንጂ ጨዋታ አይደለም። ሞተሩ ከፊታችሁ ስለሆነ ዘይት ቢተፋ መነጽራችሁ ላይ ነው። ጭሱም እሳቱም ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ያኔ የሚያየው እጃችሁ ብቻ ነው።

አለባበስን ማቃለል ሁለተኛው ስህተት ነው። «ይሄ ሁሉ ልብስ ለስምንት ሰከንድ?» ይላል ልጁ። አዎ፣ ለስምንት ሰከንድ። ሜታኖል በሚባል የአልኮል ነዳጅ የሚነዱ ብዙ መኪኖች አሉ። የሜታኖል ነበልባል ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም። ስትቃጠሉ ነው የምታውቁት። ዶን ጋርሊትስ የሚባለው ታዋቂ ተወዳዳሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ሎንግ ቢች ላይ ሲነሳ ካምቢዮው እግሩ ሥር ፈነዳ። መኪናው ለሁለት ተቆረጠ፤ እሱም ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለውን የቀኝ እግሩን ከፊል አጣ። በቀጣዩ ዓመት ሞተሩን ከጀርባው አድርጎ ተመልሶ መጣና አሸነፈ። ሌሎቹም ተከተሉት። የፊት ሞተሩ መኪና ዛሬ በአብዛኛው የድሮ ነገር ወዳጆች እጅ ያለው ለዚህ ነው። የልጁ አጎትም ከነሱ አንዱ ነው።

ጎማ ማሞቁን ለትዕይንት የሚያደርጉት አሉ። ጎማው ውኃ ላይ የሚሽከረከረው ሞቆ አስፋልቱን እንዲይዝ ነው። ሲሞቅ ይበቃል፤ ጭሱን ለፎቶ ማብዛት ጎማ መጨረስ ነው።

ከዚያ ደግሞ ችኮላ አለ። በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ርቀት ለመብረር የሚፈልግ ሰው አላጣሁም። አይሆንም። መጀመሪያ ተነስታችሁ ጥቂት ሜትር ሂዱና እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ አንሱ። ተመለሱ። ካንዴላው ይታይ፣ የሚያፈስ ነገር ካለ ይፈተሽ። ቀጥሎ እስከ ግማሽ። ሙሉው ሌላ ቀን ይደርሳል። እኛስ ሞተሩ ገና ተበትኖ የተገጠመን ሚኒባስ በዚያው ቀን ሰው ጭነን አሰላ እንልካለን እንዴ? (የሚልክ አለ። ስሙን አልጠራም።)

መሪ ላይ መታገል የእኛ አገር ሹፌር የሚፈተንበት ይመስለኛል። አዳማ ውስጥ ከባጃጅ ጋር ስንጋፋ የኖርን ነን። እጃችን ሳናዝዘው ይጠመዝዛል። ድራግ መኪና ላይ ግን ሹፌሩ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ስለተቀመጠ፣ መኪናው ትንሽ ሲንሸራተት ወገቡን ይዞት ይወዛወዛል። ደንግጦ መሪውን ከቆረጠ አለቀለት። መኪናው መስመሩን ከለቀቀ መድኃኒቱ እግር ማንሳት ነው። «ትንሽ ብታገል ይመለስልኛል» የሚለው ሐሳብ ስንቱን ከግንብ ጋር አላትሟል። እኔንም ሊያላትመኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ከመኪናው ስወርድ ጉልበቴ አልቆም ብሎኝ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ማቆሙም የራሱ ተራ አለው። መጀመሪያ ፓራሹት፣ ከዚያ ፍሬን፣ እሱም በቀስታ። ብዙ ጊዜ ፍሬኑ ኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። ገና በፍጥነት ላይ እያላችሁ አጥብቃችሁ ከያዛችሁት ጎማው ይቆልፋል። የጎን ነፋስ ካለ ደግሞ ፓራሹቱ ጭራችሁን ይጎትታል። የአዳማን ነፋስ ለሚያውቅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተርባይኖቹ ከከተማው ወጣ ብለው የቆሙት በምክንያት ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጁ፣ «ጋሼ፣ እስከዚያው ፈጣን መንገዱ ላይ በቪትዝ ብለማመድስ?» አለኝ። ቁልፉን ተቀበልኩት። እዚያ መንገድ ላይ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ነው የሚሄደው። ፓራሹትም የለህ፣ አምቡላንስ ቆሞ አይጠብቅህ።

ትናንት ደግሞ አንዱ ሲባጎውን ቆርጦ ኮፈን አስሮበታል። ልጁ ዛሬ ጠዋት ሌላ ገዝቶ መጣ።