ሙቀቱ ሲገባ፦ የጓሮ አትክልት ተከላና እንክብካቤ

ሙቀት ሲጀምር ሰው ሁሉ ለመትከል ይቸኩላል። ሥር የሚያየው ግን የአየሩን ሙቀት ሳይሆን የአፈሩን ነው። ጠዋት ቴርሞሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ሰክተው ይለኩ። ፎሶሊያና ቲማቲም 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞላ ይጀመራሉ፤ ቃሪያ፣ ኪያርና ዝኩኒ ግን 18 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በቀዝቃዛና በረጠበ አፈር የተዘራ ፎሶሊያ ሳይበቅል ይበሰብሳል፤ ብዙ ሰው ጥፋቱን በዘሩ ላይ ይጥለዋል።

ቤት ውስጥ ወይም ጥላ ሥር ያደገ ችግኝ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አይወጣም። ከ7 እስከ 10 ቀን ያላምዱት። መጀመሪያ አንድ ሰዓት የጠዋት ፀሐይ ይስጡት፣ ከዚያ በየቀኑ ይጨምሩለት። ሳይለምድ የወጣ ችግኝ ቅጠሉ ነጣ ብሎ እንደ ወረቀት ይደርቃል።

ተከላው አመሻሽ ላይ ወይም ደመና በሆነ ቀን ይሁን። ችግኙን ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት ውኃ ያጠጡት፤ ሥሩ አፈሩን እንደያዘ ይወጣል። የቲማቲም ግንድ አፈር በነካው ቦታ ሁሉ ሥር ስለሚያወጣ የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥበው ግንዱን እስከ ሁለት ሦስተኛው ይቅበሩት። ቀጥኖ የረዘመ ከሆነ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍረው ያጋድሙትና ጫፉን ብቻ ቀና አድርገው ያውጡት። ቃሪያ ግን ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ነው የሚተከለው። ርቀቱ ለቲማቲም 60፣ ለቃሪያ 45፣ ለዝኩኒ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ችግኙ ትንሽ ሲሆን ይህ ሁሉ ባዶ ቦታ ያሳዝናል፣ ይታገሱ፤ ተጠጋግቶ የተተከለ አትክልት አየር ስለማያገኝ የረጠበ ቅጠሉ ቶሎ አይደርቅም፣ በሽታም ይገባበታል። የቲማቲሙን ካስማ በዚያው ዕለት ይቸክሉት፣ ኋላ ሲቸከል ሥር ይቆርጣል።

በማግስቱ ችግኝ ከግንዱ ሥር በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ወድቆ ካገኙ ቆራጭ ትል ነው። ዙሪያውን በጣት ጫር ጫር ቢያደርጉ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ያገኛሉ። ለቀሩት ችግኞች ከካርቶን ቀለበት ይሥሩላቸው፤ 3 ሴንቲ ሜትሩ አፈር ውስጥ፣ 5ቱ ከላይ ይሁን።

ካሮት አይዛወርም፤ በቦታው 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይዘራል። ለመብቀል ከ10 ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ በዚያ ጊዜ የአፈሩ ገጽ አንድ ቀን እንኳ መድረቅ የለበትም። በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት፣ ጠዋትና ማታ ገልጠው ይዩት፣ የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ሲል ወዲያው ያንሱት። ከዚያ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያሳሱት። ሰላጣ ደግሞ አፈሩ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ ዘሩ ይተኛል፤ ጥላ ውስጥ አብቅለው ማዛወሩ ይሻላል።

አሁን ወደ ውኃው። ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ያህል መነሻ ይሆናል። አሸዋማ አፈር ይህንኑ ለሁለት ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይፈልጋል፤ ሸክላማው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይበቃዋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፣ ላይ የቀረ ሥር ደግሞ አንድ የሞቀ ቀን አይችልም። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ያስገቡ፤ እዚያ እርጥበት ካለ ይተዉት። ቀትር ላይ የዱባ ቅጠል ቢጠወልግ አይደንግጡ፣ አመሻሽ ላይ ቀና ይላል። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኙት ግን አፈሩን ይፈትሹ። ደረቅ ከሆነ ውኃ ጠምቶታል፤ እርጥብ ከሆነ ችግሩ ሥሩ ወይም ግንዱ ላይ ነው፣ ውኃ መጨመር ያባብሰዋል።

የቲማቲም ፍሬ ከበታቹ ጠቁሮ፣ ጠፍጥፎና እንደ ቆዳ ደርቆ ሲታይ ብዙዎች መድኃኒት ይረጫሉ። ይህ ተባይ አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውኃ ጋር ነው፤ አፈሩ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። የተጎዱትን ቀንጥበው ውኃውን እኩል ካደረጉ ቀጣዮቹ ደህና ይወጣሉ። ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያም ያባብሰዋል።

ጉዝጓዝ የሚለብሰው አፈሩ ሞቆ በደንብ ከጠጣ በኋላ ነው። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገለባ ያልብሱ፣ ግንዱን ግን አያስነኩት፤ አለዚያ ይበሰብሳል።

ለክሽክሽ (የተክል ጭማቂ ለሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች) መጀመሪያ ከቅጠሉ ጀርባ በኃይለኛ ውኃ መምታት ይበቃል። ረጅም የሚያድገው የቲማቲም ዓይነት ብብቱ ላይ (ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት) የሚያወጣቸውን ቅርንጫፎች ከ5 ሴንቲ ሜትር ሳያልፉ በጣት ይስበሯቸው፤ አጭሩን ዓይነት ግን አይንኩት፣ ፍሬው ያንስብዎታል።

ዝኩኒ መጀመሪያ የሚያወጣቸው አበቦች ብዙውን ጊዜ ወንዴ ስለሆኑ ፍሬ ሳይዙ ቢረግፉ ችግር የለም። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዝኩኒ ይዛ ትታያለች። እርሷ ፍሬዋ ቢጫ እየሆነ የሚረግፍ ከሆነ ንብ አልደረሰላትም፤ ማለዳ የወንዴውን አበባ ቆርጠው ቅጠሎቹን ገፈው መሃሉን በሴቴዋ መሃል ያሹት። ፍሬው 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ይቁረጡት፣ በየሁለት ቀኑም ይዩት። አንዱ ተረስቶ ዘር ካፈራ ተክሉ አዲስ አበባ ማውጣቱን ይቀንሳል።